ክረምቱ ሳይወጣ ቀለም አያስቀቡ፦ በየአፓርታማው ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከባሕር ዳር የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ለእንቁጣጣሽ ተቀብቶ እንዲደርስለት። በቀለምና በቤት ማስዋብ ሥራ በቆየሁባቸው 17 ዓመታት ብዙ ዓይነት ስህተት አይቻለሁ፤ የዚህን ያህል ሰው በየዓመቱ የሚደጋግመውና ገንዘቡን የሚያጣበት ግን አላየሁም።

ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው የከረመ የብሎኬት ግድግዳ፣ ላዩ ለእጅ ደረቅ ቢመስልም፣ ውስጡ ውሃ ይዞ ነው ነሐሴን የሚጨርሰው። በጥቅምት ፀሐዩ ሲበረታ ያ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። በላዩ የዘይት ቀለም ከተቀባበት ግን መተንፈሻ ስለማያገኝ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያሳብጠዋል፤ ያበጠውም ውሎ አድሮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። የውሃ ቀለም በመጠኑም ቢሆን ያስተነፍሳል፤ ሆኖም እርጥበቱ ከሲሚንቶው ውስጥ ጨው እየጎተተ ስለሚወጣ በቀለሙ ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰነስበታል። ልስኑ አዲስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ትኩስ ሲሚንቶ ያለው የአልካሊ ባሕርይ በዘይት ቀለም ውስጥ ያለውን ዘይት ወደ ሳሙናነት ስለሚለውጠው ቀለሙ ግድግዳውን ይዞ ሊቆይ አይችልም። ለዚህ ነው አዲስ ልስን በበጋ እንኳ ቢያንስ 28 ቀን፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ መቆየት አለበት የምንለው።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው እኔም ያደረግሁት ስህተት ስለሆነ ነው። ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት እናት የኮንዶሚኒየም ቤታቸውን እንድቀባላቸው በነሐሴ መጨረሻ ጠሩኝ። ግድግዳውን ስዳብሰው ቀዘቀዘኝ፤ “እትዬ፣ ይኼ ግድግዳ እርጥብ ነው” አልኋቸው። “ልጄ፣ ዘመን ሲለወጥ ቤቴ እንዲህ ሆኖ እንግዳ አልቀበልም” አሉኝ። አንድ ጊዜ ተናግሬ ዝም ማለቴ ነው ጥፋቴ። በሦስት ቀን ውስጥ ስቱኮውንም (ከቀለም በፊት ግድግዳው የሚለሰልስበትን ማስተካከያ) ሁለት እጅ የዘይት ቀለሙንም ጨርሼ አስረከብኋቸው፤ በበዓሉ ዕለትም ቤቱ አምሮ ዋለ። በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ተመልሰው ጠሩኝና ስሄድ ከመስኮቱ ሥር ግማሽ መዳፍ የሚያህል እብጠት አየሁ። በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ውሃ ጠብ አለ፤ የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል ቀለምም ከነስቱኮው ተገምጦ እጄ ላይ ቀረ። እርሳቸው አልተቆጡኝም፤ “ደክመህበት ነበር” ብቻ አሉኝ። ግድግዳውን በሙሉ ፍቄ፣ እስከ ጥር አድርቄ፣ በራሴ ወጪ እንደገና ቀባሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ከዚያ ቤት በላይ ያስተማረኝ የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርገው አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በስኮች ያጣብቁትና አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ይተዉት። ሲያነሡት ከፕላስቲኩ ጀርባ ጤዛ ካቆረ ወይም ግድግዳው ከጠቆረ ቀለሙ ይቆይ። ለበዓሉ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ መጋረጃውን ማጠብና ቄጠማውን መጎዝጎዝ በቂ ነው፤ ቀቢውን ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይጥሩት። ከመቅባትዎ በፊት ደግሞ የእርጥበቱን ምንጭ ይፈልጉ፤ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ ወይም ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚያፈስ ቧንቧ ካለ፣ በላዩ አሥር እጅ ቢቀባም ቢጫው እድፍ ተመልሶ ይወጣል።

ጥቁሩ ሻጋታ ግን ሁልጊዜ ከዝናብ የሚመጣ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ስለሆነች ሰው መስኮቱን ዘግቶ ያበስላል፣ ልብሱንም ቤት ውስጥ ያሰጣል፤ እንፋሎቱም ቀዝቃዛው ውጨኛ ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ቁም ሳጥኑን ከእንደዚህ ዓይነት ግድግዳ ጋር አጣብቆ ማስቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው፤ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያርቁት፣ ጠዋት ጠዋትም መስኮት ይክፈቱ።

በቅርቡ ጎጆ የወጡ ወጣቶች የሚሠሩትን አንድ ስህተት ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። አንድ ባልና ሚስት ባለ ኤል ቅርጽ ሶፋ አዲስ አበባ አሠርተው፣ ዓባይ በረሃን አሻግረው 300 ኪሎ ሜትር ያህል አስጭነው አመጡት፤ የደረጃው መታጠፊያ ግን አላሳልፍ አለው። እግሩን ነቅለን፣ አቁመንና አዙረን ሞክረን አልሆነም፤ በመጨረሻ ለሁለት ተቆርጦ ነው የገባው። ሶፋ ከማዘዝዎ በፊት ከሳሎኑ በተጨማሪ በሩን፣ የደረጃውን ስፋትና መታጠፊያውን በሜትር ይለኩ።

ቀለም ሲመርጡ የሱቁ ካርድ ላይ ያለችውን ጣት የምታህል ቁራጭ አይመኑ። አንድ ሊትር ገዝተው ግድግዳው ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል ይቅቡና ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ በመብራት ይዩት። መብራቱ ራሱ ቀለሙን ይለውጠዋል፤ ካርቶኑ ላይ 6,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የተጻፈበት ነጭ አምፖል ክሬሙን ግራጫ ሲያስመስለው፣ 3,000 የተጻፈበት ቢጫው ያሞቀዋል። ለባሕር ዳር ሙቀት ቀዝቀዝ ያለ ቀለም ይስማማል፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ ግን ግራጫ ግድግዳና ነጭ መብራት አብረው ሲውሉ ቤቱን እንግዳ የማይቀመጥበት ያደርጉታል ብዬ አምናለሁ።

ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቴሌቪዥን በተራ ፊሸር (ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን በሚይዘው ፕላስቲክ) አይሰቀልበትም፤ ለክፍት ግድግዳ የሚሆነውን ዓይነት ይጠይቁ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይም ሆነ በታች ቀጥታ መስመር ላይ አይብሱ፤ ሽቦው ብዙውን ጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው።

3,500 ዋት የሚስበውን የእንጀራ ምጣድ ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰኩ።

ስለ በረንዳ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ውሃ ስለሚጠፋ ብዙ ሰው 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በረንዳው ላይ ያቆማል። ይህ ሮቶ ሲሞላ የውሃው ክብደት ብቻ 1,000 ኪሎ ግራም ነው፤ በረንዳው ደግሞ ከሕንፃው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለና ወንበርና ጥቂት ሰው እንዲይዝ የተሠራ ነው። በረንዳው ከሕንፃው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስንጥቅ ያየሁበትን አንድ ቤት ባለቤት ውሃውን በዚያው ሰዓት እንዲያፈሱት ለምኜ ነው ያስፈሰስኋቸው። ለመጠባበቂያ አነስተኛ በርሜሎችን በየክፍሉ ጥግ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ምሰሶ መጥረብም እንዲሁ አይታሰብ፤ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ መሠረት የሕንፃው አካል የጋራ ነው፤ ሲጎዳም ከታች ያለው ቤተሰብ አብሮ ይጎዳል።

በብርድ ጊዜ ፍሙ ጭሱን ጨርሷል ብለው የከሰል ምድጃ አስገብተው በር ዘግተው እንዳይተኙ እለምናችኋለሁ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቡናው እንደተጠጣ ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ።

ሥራው ሲያልቅ ከቀለሙ ግማሽ ሊትር ያህል ያስቀሩ። ልጆች ግድግዳውን ሲጭሩት ወይም ሚስማር ሲነቀል ያንኑ ቀለም ከሱቅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ በተለያየ ጊዜ የተበጠበጠ ቀለም ቁጥሩ አንድ ቢሆንም መልኩ ትንሽ ይለያያል። አፉ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ገልብጠው፣ ክዳኑ ላይ የቀለሙን ቁጥር፣ የክፍሉን ስምና የተቀባበትን ወር ይጻፉበት።