ከቢሾፍቱ ሐዋሳ በብስክሌት፣ ስለ አህያና ስለ ጋሪ ፈረስ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከቢሾፍቱ ተነስቼ ሐዋሳ የገባሁት በሁለት ቀን ነው። ወደ 230 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጀርባዬ ላይ «አህያም ያማታል» የሚል ጽሑፍ ነበረ። መንገድ ላይ ልጆች «አይዞህ! በርታ!» እያሉ ሮጠውልኛል። ሐዋሳ ስደርስ ግን ከአንድም ባለጋሪ ጋር ቁጭ ብዬ አላወራሁም ነበር። ጽሑፉን ያነበበው ከኋላዬ የሚመጣ ሹፌር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ አራት ቀን ፈጀ። ይህን የምጽፈው እንደ ሁለተኛው ያለ፣ በየገበያው እየቆሙ ስለ አህያና ስለ ጋሪ ፈረስ ከባለቤቶቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ጉዞ ለምታስቡ ነው።

ቢሾፍቱ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለችም። በ2009 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ ሥራ የጀመረ የአህያ ቄራ ነዋሪው ስለተቃወመው ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ሲባል ማረድን ለ15 ዓመት አገዱ። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ እኛ ነን፤ በሁለቱም ውሳኔ ደስ ብሎኛል። ከመታረድ የተረፈችው አህያ ግን በማግስቱ ኩንታል ተጭኖባት ገበያ ትወጣለች። እኔ የምጓዘው ስለዚያ ሸክም ለመናገር ነው።

መጀመሪያ የምታወጡት የማቆሚያ ቦታዎችን ነው። ኪሎ ሜትሩን ከዚያ በኋላ ትከፋፍላላችሁ። በየከተማው የገበያ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ፤ አህያና ጋሪ የሚሰበሰበው ያን ቀን ነው። የእኔ እንዲህ ነበር፦ በመጀመሪያው ቀን ከቢሾፍቱ በሞጆ በኩል መቂ፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ። በሁለተኛው ቀን ከመቂ ባቱ፣ 30 ብቻ። በሦስተኛው ከባቱ ሻሸመኔ፣ ወደ 90። በአራተኛው ከሻሸመኔ ሐዋሳ፣ 25። አጭሮቹ ቀናት የዕረፍት ቀን እንዳይመስሏችሁ። ዋናው ሥራ የሚሠራው በእነሱ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ለየከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፉ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ አብሯችሁ ገበያ እንዲወጣ ለምኑ። ቁስል ማከም የእሱ ሥራ ነው፣ የእናንተ አይደለም። ቢሾፍቱ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው። ሄዳችሁ አማክሩ። ኦሮምኛ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ውጡ። «ፈርዳ» እና «ሃሬ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ይዞ ስለ ፈረስና ስለ አህያ ማስተማር አይቻልም።

ስለ ብስክሌቱ ብዙ አልልም። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ፖምፓ፣ ማስቲሽ፣ የካቴና ዘይት ያዙ። ፍሬናችሁን አስፈትሹ። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ በከተሞቹ መካከል ግን የለም። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት ክልክል ስለሆነ የድሮውን መንገድ ያዙ። እስከ ሞጆ ድረስ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚመላለሰው ተሳቢ ብዙ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፣ ጨለማ ሳይዛችሁ ግቡ። ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ ያለው ዳገት ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ከባድ ነው፤ ማርሽ ቀንሱና ቀስ ብላችሁ ውጡት።

ለስንቅ በሶን የሚያህል የለም። ጠዋት ከጨውና ከማር ጋር በጠርሙስ በጥብጡት። ቆሎና ሙዝም ያዙ።

ውሻ ቢያሳድዳችሁ ድንጋይ አታንሱ። ስለ እንስሳት ልትናገሩ ወጥታችሁ ልጆች ፊት ውሻ መደብደብ አይሆንም። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በመሃል አድርጉ፣ በእግር እለፉ። አብዛኛው ውሻ ሩጫችሁ ሲቆም ይቆማል። ከነከሳችሁ ግን ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። ነገ እሄዳለሁ አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ መቂ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ፈረሳቸውን ጥላ ሥር አቁመው አገኘሁ። ደረቱ ላይ ቀበቶው የሚያልፍበት ቦታ ተልጧል። ገና ሰላምታ ሳልጨርስ «አባቴ፣ ይሄ እንስሳ እኮ ያመዋል» አልኩ። ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እኔ ለዚህ ፈረስ ጠላት መሰልኩህ? እሱ የቆመ ቀን ቤቴ ጦሙን ያድራል» አሉኝ። አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስቀመጥ ደግሞ ፊቴን አጨማደድኩ። ምን ሆንክ አሉኝ። የብስክሌቱ መቀመጫ እንደላጠኝ ነገርኳቸው። ያኔ ሳቁ። «አንተም ተገጥበሃል!» አሉ።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ወሬ የምጀምረው ከራሴ ቁስል ነው። ሁለተኛው ቀን ጠዋት መቀመጫው ላይ ስትወጡ ያቃጥላችኋል። ቫዝሊን ተቀቡ፣ ስፌቱ ወፍራም የሆነ ቁምጣ አትልበሱ። ማቃጠሉን ግን አትደብቁት። ላብ፣ አቧራና አንድ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚፈትግ ነገር ሲገናኙ ቆዳ ይላጣል። ገጣባም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ለባለአህያው ይህን ስትነግሩት ከእናንተ በላይ ያውቀዋል፤ ወሬውን ከዚያ እሱ ራሱ ይቀጥለዋል።

የምትናገሩት ትንሽና የሚሠራ ነገር ይሁን። የናይሎን ገመድ ቆዳ ይቆርጣል፤ ሰፋ ያለ የጨርቅ ማሰሪያ ይሻላል። ከመጫኛው ሥር ሳር የተሞላ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይነጠፍ፣ ማታ ይታጠብ። የሚመከረው ሸክም የአህያዋ ክብደት ሲሶ ገደማ ነው፤ 120 ኪሎ ለምትመዝን አህያ 40 ኪሎ ማለት ነው። ኩንታል ስንት እጥፍ እንደሆነ ራሳቸው ያሰሉት። የጋሪ ፈረስ በሙቀት ቀን ከ20 ሊትር በላይ ውሃ ይፈልጋል፣ ማታ ብቻ ማጠጣት አይበቃም። ቁስል ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አይቀባም፤ በንጹሕ ውሃና በጨው ይታጠብ፣ ቀበቶውም ቦታ ይቀይር።

በራሪ ወረቀት ከማሳተም በዚያው ገንዘብ አሮጌ ብርድ ልብስ ግዙ። እኔ ስምንት ሰንጥቄ ይዤ ነበር፣ ባቱ ላይ አለቀብኝ። መርፌና ወፍራም ክርም አትርሱ። ፎቶ ስታነሱ አስፈቅዱ፤ ቁስሉን እንጂ የባለቤቱን ፊት አታሳዩ። አንዴ ሰውየውን በማኅበራዊ ሚዲያ ካዋረዳችሁት ያ ገበያ በሙሉ ይዘጋባችኋል።

ስትመለሱ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ አስጭኑ። የጭነቱን ሒሳብ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ከቻላችሁ ደግሞ ያቆማችሁበት ከተማ ውረዱ። እኔ መቂ ወርጄ ሽማግሌውን ፈለግኳቸው። የፈረሱ ቁስል ገና አልዳነም፣ ግን ደርቋል። ስሄድ አብረን ቀበቶው ላይ የሰፋነው ጨርቅ በአንድ ጎኑ ተተርትሯል። ጥላው ሥር ተቀምጠን እንደገና ሰፋነው። እሳቸው ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ፣ ለጎረቤታቸው አህያ የሚሆን ብርድ ልብስ ተርፎኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።