መሃሉ የሰመጠ ኬክ፣ የፈሰሰ ብስኩት፣ የራሰ እራት፦ የኦቨን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ ቅርጹን (ኬኩ የሚጋገርበትን ዕቃ) ቅቤ መቀባት፣ ኦቨኑን አስቀድሞ ማሞቅ፣ እንቁላሉን ከማቀዝቀዣ ቀደም ብሎ ማውጣት እንደሚገባ ለሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ሁሉ አሟልቶም ኬኩ የሚበላሽበት ሰው ብዙ ነው። «እስቲ ናና እየው» ተብዬ በገባሁባቸው ቤቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጠብቀኝ አንድ ዓይነት ኬክ ነው፤ ጠርዙ ቆሞ መሃሉ የሰመጠ። ስለዚህ እሱን በሰፊው፣ ሌሎቹን በአጭሩ እጽፋለሁ።

ምልክት፦ ኬኩ ተነፍቶ መሃሉ ሰመጠ

መጀመሪያ መቼ እንደ ሰመጠ ጠይቁ። ኦቨን ውስጥ እያለ ከፍ ብሎ ከወደቀ፣ መልኩ ከገረጣ፣ ሲቆረጥም ቀዳዳው ትልልቅና ሸካራ ከሆነ ኦቨኑ ቀዝቃዛ ነበር። ደህና ቆሞ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ከሰመጠ፣ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ቢላዋ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ደግሞ ኦቨኑ ከልክ በላይ ሞቃት ነበር፤ ላዩ ቶሎ ስለ ቀላ ጋጋሪው የበሰለ መስሎት አወጣው። ሁለቱም የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው፦ በማዞሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጥ ያለው ሙቀት አይገናኙም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሊጡ ሲሞቅ ቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ ይለቃል፤ ቅቤና ስኳር ሲመታ የገባው አየርም ይሰፋል፤ ኬኩ ይነሳል። በዚያው ጊዜ የዱቄቱ ስታርች ውሃ መጥጦ ይወፍራል፤ የእንቁላሉ ፕሮቲንም ይረጋል። ጋዙ ሊጡን ወደ ላይ በገፋበት ሰዓት የአረፋዎቹ ግድግዳ መርጋት አለበት። ኦቨኑ ከቀዘቀዘ ጋዙ ቀድሞ ያልቃል፤ ግድግዳው ገና ለስላሳ ስለሆነ ይፈርሳል። ሙቀት በመጨረሻ የሚደርሰው መሃል ላይ ነውና የሚወድቀውም እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራል፤ «አልነፋም» ብሎ ቤኪንግ ፓውደር ይጨምራል። አትጨምሩ። ጋዙ ሲበዛ ትንንሾቹ አረፋዎች ይዋሃዳሉ፣ ይተልቃሉ፣ ወደ ላይ ወጥተው ይፈነዳሉ፤ ኬኩ ከበፊቱ ይልቅ በፍጥነት ይነሳና በፍጥነት ይወድቃል። ለአንድ ኩባያ ዱቄት፣ ማለትም ለ120 ግራም ያህል፣ ከአንድ እስከ አንድ ተሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አንዲት ዘመዴ ኬኳ በወደቀ ቁጥር ግማሽ ማንኪያ እየጨመረች ሄዳ በመጨረሻ አፍ የሚያሳክክ፣ መራራ ነገር ጋገረች። የኦቨኗ ሙቀት ሲለካ ከተጻፈው በ30 ዲግሪ ያነሰ ነበር። ዱቄቷ፣ እንቁላሏ፣ የምትከተለው አሠራር ሁሉ ምንም አልነበረባቸውም።

ኦቨኑን እንዴት እንለካ

የኦቨን ቴርሞሜትር ግዙ። መደርደሪያውን መሃል ላይ አድርጉና ቴርሞሜትሩን በመሃሉ አቁሙት። 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አዙራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የማሞቂያው መብራት ሲጠፋ ኦቨኑ ሞቀ ማለት አይደለም፤ የሞቀው አየሩ ብቻ ነው። ግድግዳው ገና ስለሆነ በሩን ስትከፍቱ ያ ሁሉ ሙቀት ወጥቶ ይሄዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሩን ሳትከፍቱ በመስታወቱ በኩል በየአምስት ደቂቃው ደጋግማችሁ አንብቡ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ቴርሞስታቱ፣ ስለሚያበራና ስለሚያጠፋ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የምትይዙት መካከለኛውን ነው።

ርካሹ ቴርሞሜትር ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። መርፌው የሚነቃነቅ፣ በሁለተኛው ወር አንድ ቁጥር ላይ ተጣብቆ የሚቀር ቆርቆሮ እየተሸጠ ነው። ሰው እሱን አምኖ ደህናውን ኦቨን ያበላሻል። ማረጋገጫው ስኳር ነው። ተራ ነጭ ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኦቨኑን 175 ላይ በደንብ አሙቁና አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ ዘርግታችሁ 15 ደቂቃ አቆዩት፤ መቅለጥ የለበትም። ከቀለጠ ኦቨኑ ከሚናገረው በላይ ይሞቃል። ከዚያ 190 ላይ አድርጋችሁ ሙቀቱ እስኪደርስ ጠብቁና አዲስ ስኳር ለ15 ደቂቃ አስገቡ፤ አሁን መቅለጥ አለበት። እንደ ነበረ ከወጣ ኦቨኑ ቀዝቃዛ ነው። የቀለጠ ስኳር ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚያቃጥል ልጆችን ከአካባቢው አርቁ፤ ፎይሉንም ሳይቀዘቅዝ አትንኩ።

ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው። 20 ዲግሪ የሚያንስ ኦቨን 200 ላይ ሲዞር 180 ይሰጣል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሩ አጠገብ ለጥፉ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይየው። የቤት ኦቨን በዚህን ያህል መዛነፉ የተለመደ ስለሆነ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። ልዩነቱ በየቀኑ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን የተበላሸ አካል አለ። ቁጥሩና ሙቀቱ እንዳይገናኙ ሲያደርጉ ያየኋቸው ነገሮች ከብዙ በጥቂቱ እነዚህ ናቸው።

የተቀየረ ማዞሪያ። ይህ በጣም ያናድደኛል። የመጀመሪያው ማዞሪያ ይሰበርና «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠው ፕላስቲክ ይገጠማል። ዘንጉ ላይ ይገባል፣ ይዞራል፣ ያምራልም፤ ቁጥሮቹ ግን የታተሙት ለሌላ ቴርሞስታት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ማዞሪያው 180 ሲል ውስጡ 230 ደርሶ አገኘሁት። የቤቱ ባለቤት ለወራት ኬኩን በፎይል እየሸፈነች ስትታገል ቆይታለች። ማዞሪያ ስትቀይሩ የዚያኑ ሞዴል ፈልጉ፤ ካጣችሁ በቴርሞሜትር እየለካችሁ አዲስ ምልክት በቀለም አድርጉበት።

ፋራናይት። በአንዳንድ ኦቨን ላይ ቁጥሩ ከሴልሺየስ በተለየ መለኪያ፣ በፋራናይት ነው፤ ይህን የምታሳየው F የምትል ፊደል ደግሞ በጽዳት ብዛት ትጠፋለች። 180 ፋራናይት ማለት 82 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በዚያ ሙቀት ኬክ አይጋገርም። አንድ ጎረቤቴ ሁለት ሰዓት ጠብቆ ሲከፍተው ሊጡ ለብ ብሎ ተኝቶ ነበር። የማዞሪያችሁ ከፍተኛ ቁጥር 500 ወይም 550 ከሆነ ፋራናይት ነው፤ 180 ሴልሺየስ የምትፈልጉ ከሆነ 350 ላይ አድርጉት።

የበር ላስቲክ። የተቀደደ ወይም የደረቀ ከሆነ ሙቀቱ በዚያ በኩል ይወጣል። ቀጭን ወረቀት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ሳይያዝ የሚንሸራተትበት ቦታ ላስቲኩ አልቋል። ኦቨኑ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው ይህ የሚሞከረው።

ከታች የተነጠፈ ፎይል። ወለሉ እንዳይቆሽሽ ብለው ሙሉ በሙሉ የሚያለብሱት አሉ። አየሩ መዞሪያ ያጣል፤ በጋዝ ኦቨን ላይ ደግሞ የአየር ቀዳዳዎቹን ስለሚዘጋ አደገኛ ነው። አንሱት። ዛሬውኑ አንሱት። መደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞላ ትልቅ ትሪም እንዲሁ ሙቀቱን ይከለክላል።

የሙቀት መለኪያው ዘንግ። በኦቨኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለች ቀጭን የብረት ዘንግ አለች። ከመያዣዋ ወልቃ ግድግዳውን ከነካች ቴርሞስታቱ ይሳሳታል። አብዛኛውን ጊዜ የምትወልቀው ውስጡን በኃይል ሲፈትጉት ነው። ወደ ቦታዋ ከመመለሳችሁ በፊት ኤሌክትሪኩን ከምንጩ አጥፉ፤ ዘንጓን አታጉብጧት፣ አትጠምዝዟት። ቴርሞስታቱን ራሱን መቀየር፣ እንዲሁም ማንኛውም የጋዝ ሥራ፣ የባለሙያ ነው።

ማራገቢያ ያለው ኦቨን ላይ የምትከተሉት አሠራር ለተራ ኦቨን የተጻፈ ከሆነ 20 ዲግሪ ቀንሱ። በማንኛውም ኦቨን ደግሞ ከጊዜው ሦስት ሩቡ ሳያልፍ በሩን አትክፈቱ። የወደቀ ኬክ መልሰው ቢከቱት አይነሳም፤ የበሰለውን ጠርዝ ቆርጣችሁ ብሉ፣ ጥሬውን መሃል ጣሉ።

ኦቨኑ ትክክል ሆኖ አሁንም ከሰመጠ

ቅርጹን ለኩ። ለ23 ሴንቲ ሜትር ክብ ቅርጽ የታሰበ ሊጥ 20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሲገባ አንድ ሦስተኛ ያህል ይወፍራል፤ መሃሉ የሚበስልበት ጊዜ ይረዝማል። ቅርጹን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙሉት።

ቤኪንግ ፓውደሩን ፈትኑት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በሙቅ ውሃ ላይ ሲጨመር ወዲያው በኃይል መፍላት አለበት። ጥቂት ከተንጫጫና ዝም ካለ ሞቷል። ከምድጃ በላይ ባለ መደርደሪያ፣ ክዳኑ በግማሽ ተከፍቶ፣ እንፋሎት እየጠጣ የሚቀመጥ ፓውደር ለምን እንደሚሞት መጠየቅ አያስፈልግም። ቤኪንግ ሶዳ በአቼቶ ይፈተናል።

ከፍታ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር ጀምሮ፣ ይበልጡንም ከ2000 ሜትር በላይ፣ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ጋዙ ይበልጥ ይሰፋል። ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈውን ቃል በቃል የሚከተል ሰው ኬኩ ሲነሳ ደስ ይለውና ሲወድቅ ያዝናል። ከ2000 ሜትር በላይ ቤኪንግ ፓውደሩን ቢያንስ በሩብ ቀንሱ፤ ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ላይ ከአንድ እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ አጉድሉ፤ በእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ላይ ከሁለት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፤ ሙቀቱንም ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ አድርጉት። ሁሉንም በአንድ ቀን አትለውጡ፤ ከፓውደሩ ጀምሩ። ሌላም ነገር አለ፦ በ2000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ነው። የኬክ መሃል ከ96 እስከ 98 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል የሚለው መለኪያ እዚያ አይሠራም፤ ያንን ቁጥር የሚጠብቅ ሰው ኬኩን ያደርቀዋል። ስቴኪኒ ወግታችሁ ንጹሕ ሆና ከወጣች፣ በጣት ሲጫኑትም ላዩ ተመልሶ ከተነሳ አውጡት።

ሌሎች ችግሮች

ላዩ እንደ ተራራ ተነስቶ ተሰነጠቀ፦ ኦቨኑ ሞቃት ነው፤ ወይም ቅርጹ ጥቁር ስለሆነ ሙቀት ይስባል። 15 ዲግሪ ቀንሱ።

ኬኩ ጠንካራና ውስጡ ረጃጅም ዋሻ ያለው ሆነ፦ ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ ተመታ። ደረቅ ዱቄት መታየቱ ሲያቆም ማማሰሉን አቁሙ።

የሳሙና ጣዕም፦ ቤኪንግ ሶዳ በዝቷል፤ ወይም እርጎ፣ ሎሚ፣ አቼቶ የመሰለ ጎምዛዛ ነገር ሳይኖር ገብቷል። ሶዳና ፓውደር አንዱ በሌላው ቦታ አይተኩም።

ብስኩቱ ተዘርግቶ እርስ በርሱ ተጣበቀ፦ ቅቤው ቀልጦ ነበር፤ ወይም ትሪው ከመጀመሪያው ዙር ገና ትኩስ ነበር። ሊጡን ለግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፤ ትሪውን አቀዝቅዙ።

ኬኩ ደረቅና ከባድ ነው፦ ዱቄት በዝቷል። ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ከትቶ የሚዝቅ ሰው 120 ግራም ያሰበበት ቦታ 150 ግራም ያስገባል። ሚዛን ግዙ። ከጌጥ ማንኪያና ከአበባ ቅርጽ ሁሉ በፊት ሚዛን ግዙ።

ዳቦው አልነሳም፦ ውሃው እርሾውን ገድሎታል። 60 ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ እርሾ ይገድላል፤ እጅ ላይ ለብ የሚል ይበቃል። ሊጡ በሰዓት አይለካም፤ በጣት ስትጫኑት ጉድጓዱ በዝግታ ከተመለሰ ደርሷል።

የመስታወት መጋገሪያ ፈነዳ፦ ከማቀዝቀዣ ወደ ትኩስ ኦቨን ገባ፤ ወይም ትኩሱ እርጥብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱንም ፈጽሞ አታድርጉ።

እራቱ ቀላ ሳይል ራሰ

ዶሮና አትክልት በአንድ ትሪ ኦቨን ውስጥ ማብሰል ለቤተሰብ እራት ከሁሉ የቀለለ ነው፤ የሚበላሸውም በአንድ ነገር ነው፦ ትሪው ይጨናነቃል። ሥጋውና አትክልቱ የሚያወጡት ውሃ የሚተንበት ቦታ ሲያጣ ሁሉም በእንፋሎት ይቀቀላል። በየቁራጩ መካከል ክፍተት ተዉ፤ አንድ ትሪ ካልበቃ ሁለት አድርጉ። ሁለት ትሪ ስታደርጉ በግማሹ ሰዓት የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ቀይሩ። ዶሮውን በወረቀት አድርቁ፤ ሙቀቱ ከ200 እስከ 220 ይሁን። እዚህም ኦቨኑ ከተጻፈው በ30 ዲግሪ ካነሰ ቆዳው ገርጥቶ ይቀራል፤ በበሩ አጠገብ የለጠፋችሁትን ወረቀት ተመልከቱ። ድንችና ካሮት ከዶሮው ቀድመው 15 ደቂቃ ያህል ይግቡ፤ ቲማቲምና ዝኩኒ በመጨረሻ። ዶሮው በውስጡ፣ ከአጥንቱ ሳይነካ ሲለካ፣ 74 ዲግሪ ሳይደርስ ለማንም አትስጡ። የቆዳው መቅላት የሥጋውን መብሰል አያረጋግጥም።