ሞባይል ላይ ብቻ የሚወድቅ ዋሌት፦ ኮርን ከፕላትፎርም መለየት

የአንድ የክሪፕቶ ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ ቁልፎችን የሚይዝ ሶፍትዌር) ድረ ገጽና የብራውዘር ኤክስቴንሽን አዲስ ዋሌት በትክክል ይፈጥራሉ፤ በሪአክት ኔቲቭ (የሞባይል አፕ መሥሪያ ፍሬምወርክ) የተሠራው አፕ ግን የዋሌቱ ቁልፎች የሚወጡባቸውን የምስጢር ቃላት ሊያመነጭ ሲል ይወድቃል። ምክንያቱ፣ ሦስቱም የሚጋሩት የኮር ፓኬጅ የብራውዘሩን የራንደም ቁጥር ማመንጫ በቀጥታ ይጠራ ነበር። ሪአክት ኔቲቭ ላይ ያ ፈንክሽን አብሮ አይመጣም። በማት ራንደም (Math.random፣ የጃቫስክሪፕት ተራ የራንደም ቁጥር ፈንክሽን) መተካት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፦ ውጤቱ ሊገመት ስለሚችል የተጠቃሚውን ገንዘብ ያስዘርፋል።

ስለዚህ ኮሩ ስለ ፕላትፎርም የሚያውቀው ሁለት ኢንተርፌስ (ምን እንደሚሠራ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ የማይናገር ውል) ብቻ ሆነ፤ አንዱ ራንደም ባይት ይሰጣል፣ ሌላው ቁልፍ ያስቀምጣል። ትግበራውን እያንዳንዱ አፕ ሲነሳ ያቀብላል፦ አይኦኤስ ላይ ኪቼይን፣ አንድሮይድ ላይ ኪስቶር (ሁለቱም የስልኩ ሲስተም የቁልፍ ማከማቻዎች ናቸው)፣ ኤክስቴንሽኑ ላይ በይለፍ ቃል የተመሰጠረ ማከማቻ። ቁልፍ ማውጣትና ግብይት መፈረም እዚያው ኮር ውስጥ ይቆያሉ።

የሞባይሉ ፖሊፊል (የጎደለውን የራንደም ፈንክሽን የሚያሟላ ኮድ) የመግቢያ ፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይግባ። አንዳንድ ላይብረሪዎች ማመንጫውን የሚፈልጉት ሲጫኑ አንዴ ብቻ ነው፤ ፖሊፊሉ ከዘገየ ስህተቱ ይመለሳል። ኮር ከአፕ ፎልደሮች ኢምፖርት እንዳያደርግም የሊንት (ኮድን በራሱ የሚፈትሽ መሣሪያ) ሕግ ይኑር፤ አለዚያ ድንበሩ ቀስ በቀስ ይፈርሳል።

ለማረጋገጥ አንድ ባለ 12 ቃል የሙከራ ሐረግ ሦስቱም ላይ ይግባ፤ በተለመደው የቁልፍ ማውጫ መንገድ፣ በኤም/44'/60'/0'/0/0፣ የሚወጣው የኢቴሪየም አድራሻ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።