የቤት ራውተር ሰዓት ሲዛባ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ልጆቹ በጊዜ እንዲተኙ ብላችሁ ዋይፋዩ ምሽት 4 ሰዓት ላይ እንዲቋረጥ ሞልታችኋል፤ እሱ ግን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይቋረጣል። ወይም ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ባለው የእንግዳ ማረፊያችሁ ሌሊት ሪስታርት እንዲያደርግ ያዘዛችሁት ራውተር፣ እንግዶች ቁርስ ላይ እያሉ ይጠፋል። ይህ ሲሆን ቶሎ ብላችሁ ሪሴት አታድርጉት (ወደ ፋብሪካ ይዞታው አትመልሱት)፤ የኢንተርኔት መግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ጠራርጎ ያጠፋባችኋል። አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው ታይም ዞኑ፣ ማለትም ራውተሩ የየትኛውን አገር ሰዓት እንደሚከተል የሚወስነው ምርጫ ብቻ ነው።

በብራውዘር 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብላችሁ ግቡ፤ ትክክለኛው አድራሻ ራውተሩ ላይ ተለጥፏል። እዚያ የሚታየውን ሰዓትና ቀን፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ካደረጋችሁት ስልክ ጋር አስተያዩ። መንስኤውን የሚነግራችሁ የልዩነቱ መጠን ነው።

3 ሰዓት ወደኋላ ከቀረ፣ ታይም ዞኑ ከፋብሪካ እንደመጣ ጂኤምቲ (የግሪንዊች መነሻ ሰዓት) ላይ ነው። 5 ሰዓት ከቀደመ ቤጂንግ ላይ ነው። ለሁለቱም መፍትሄው አንድ ነው፦ ጂኤምቲ+3፣ ናይሮቢ። አዲስ አበባ ዝርዝሩ ውስጥ ካልተገኘ አትጨነቁ፤ የእኛና የኬንያ ሰዓት አንድ ነው።

በጋ ላይ 1 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ክረምት ላይ በራሱ የሚስተካከል ከሆነ፣ አቴንስን ወይም ሄልሲንኪን መርጣችኋል። እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ይቀይራሉ፤ እኛ አንቀይርም። ናይሮቢን ከመረጣችሁ በኋላም "ዴይላይት ሴቪንግ" የሚለው ላይ ምልክት ካለ አንሱት።

ብዙ ቤት የማየው ግን የ6 ሰዓት ልዩነቱን ነው። ራውተሩ በሀገራችን አቆጣጠር እንዲያሳይ ተብሎ ጂኤምቲ-3 ይመረጣል። እውነትም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 01:00 ይላል። ምሽት 4 ሰዓት ሲሆን ግን 16:00 ይላል እንጂ 04:00 አይልም፤ ስለዚህ "4:00" ብላችሁ የሞላችሁት ትእዛዝ ጠዋት ይፈጸማል። ምሽት 4 ሰዓት ላይ 04:00 እንዲል ብሎ ቶኪዮን መምረጥም አያዋጣም፤ ቀኑ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ስለሚገለበጥ የዓርብ ማታው ትእዛዝ ሐሙስ ማታ ይሠራል። ታይም ዞኑን ናይሮቢ ላይ ተዉትና ስሌቱን እናንተ ሥሩት፦ ምሽት 4 ሰዓት 22:00፣ እኩለ ሌሊት 00:00፣ ንጋት 12 ሰዓት 06:00።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እ.ኤ.አ. 1970 የሚያሳይ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም፤ በተነሡ ቁጥር ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ። በእጅ የሞላችሁት ሰዓት እስከሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ብቻ ነው የሚቆየው። ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያመጣውን ኤንቲፒ (NTP) የሚለውን አብሩና ሰርቨሩ ላይ ፑል.ኤንቲፒ.ኦርግ የሚለውን በላቲን ፊደል (pool.ntp.org) ሙሉ። ኢንተርኔቱ ራሱ ካልተገናኘ ሰዓቱም አይስተካከልም፤ መስመሩን አስቀድሙ።

ሲያበቃ ትእዛዙን ከ5 ደቂቃ በኋላ እንዲጀምር አድርጋችሁ ሞክሩት። በሰዓቱ ከተቋረጠ ወደ 22:00 መልሱት። ከ22:00 እስከ 06:00 ስትሉት አልቀበልም የሚል ራውተር ካጋጠማችሁ ለሁለት ክፈሉት፦ ከ22:00 እስከ 23:59፣ ከዚያ ከ00:00 እስከ 06:00።