ኦክስፎርድ ወይ ካምብሪጅ ለኢንተርቪው ከጠሯችሁ እንዲህ ተዘጋጁ

ማመልከቻው ኦክቶበር 15 ይዘጋል፣ ኢንተርቪው በብዛት ዲሴምበር ላይ ነው፣ ስለዚ ጥሪውን ሳትጠብቁ ከአሁኑ ጀምሩ።

መጀመሪያ ይሄ ይግባችሁ፣ የሚጠይቋችሁ ሰዎች ከገባችሁ በኋላ የሚያስተምሯችሁ መምህራን ናቸው። አይታችሁት የማታውቁት ጥያቄ ይሰጧችኋል፣ ስትሞክሩ ያያሉ፣ ሲከብዳችሁ ሂንት ይሰጡና በሂንቱ ምን እንደሰራችሁበት ያያሉ። መልስ ሸምድዶ መሄድ አያዋጣም፣ የተሸመደደ ነገር ወዲያው ያስታውቃል።

ኦክስፎርድ ራሱ የናሙና ጥያቄዎች ያወጣል፣ ለባዮሎጂ ካወጣቸው አንዱ "ብዙ እንስሳት ሰውነታቸው ላይ መስመር ያላቸው ለምንድነው?" የሚል ነው። "ለመደበቅ" ብላችሁ ዝም ካላችሁ አለቀ። የሚፈለገው እያወራችሁ ማሰብ ነው፣ እሺ ለመደበቅ ይሆናል፣ ግን ተርብ መስመሯ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው እሷ ምናልባት እያስጠነቀቀች ነው፣ የሜዳ አህያስ ገላጣ ሜዳ ላይ ምን ይጠቅማታል፣ ይሄን ሀሳቤን በምን አይነት ሙከራ ላረጋግጠው እችላለሁ እያላችሁ መቀጠል።

ይሄ ደሞ በልምምድ ነው የሚመጣው። ሰርታችሁት የማታውቁትን ጥያቄ ያዙና ሰው ፊት እያወራችሁ ስሩት፣ ሰውየው ትምህርቱን ባያውቅም ግድ የለም "ለምን?" እያለ ያቋርጣችሁ ብቻ። በአማርኛ የምታስቡ ከሆነ ልምምዱን የግድ በእንግሊዝኛ አድርጉት፣ ሀሳቡ እያለ ቃሉ ሲጠፋ በጣም ያናድዳል። መሀል ላይ ስህተታችሁ ከታያችሁ "ቅድም ያልኩት አያስኬድም ምክንያቱም..." ብላችሁ አስተካክሉት፣ ይሄ እንደውም ይደነቅላችኋል እንጂ አያስቀንስም።

ማመልከቻችሁ ላይ የጠቀሳችሁትን መጽሐፍ ድጋሚ አንብቡት፣ ያልተስማማችሁበትን አንድ ነጥብም ከነምክንያቱ ያዙ።

ሌላ ቦታም ለሜዲሲን ያመለከታችሁ ካላችሁ፣ ብዙ የሜዲሲን ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙት ካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ኤምኤምአይ (MMI) የሚባል የኢንተርቪው አይነት ነው፣ ከአንድ ጠያቂ ወደ ሌላው በየጥቂት ደቂቃው ትዞራላችሁ። አንዱ ጋ ከተበላሸባችሁ እዛው ጥላችሁት እለፉ፣ ቀጣዩ ጠያቂ የሚያየው ራሱ የጠየቃችሁን ነው።

ኦንላይን ከሆነ ካሜራና ማይክ በዋዜማው ቼክ አድርጉ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይኑር፣ የተጻፈው ሰአት የእንግሊዝ ይሁን የናንተ ሀገርም ደጋግማችሁ አረጋግጡ።