ስታቲስቲክስ እየተማራችሁ የሥራ መስካችሁን እንዴት ትፈልጋላችሁ?

ስታቲስቲክስ የሚማር ልጅ "ተመርቀህ ምን ልትሠራ ነው?" የሚለው ጥያቄ አይቀርለትም። ብዙዎች ዲፓርትመንቱ በምርጫ ሳይሆን በምደባ ስለሚደርሳቸው እነሱም መልሱን አያውቁትም። መልሱ ግን አለ፤ ያውም ብዙ ነው። ምረቃ እስኪደርስ ሳትጠብቁ ከሁለተኛ ዓመት ጀምራችሁ ፈልጉት።

1. ዳታ የት የት እንደሚሠራበት እወቁ

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዋጋ ግሽበትንና የግብርና ምርትን ይለካል። እዚያ ናሙና ማውጣት፣ መጠይቅ ማዘጋጀትና የመስክ ሥራ መቆጣጠር አለ። በጤናው በኩል እንደ አርማወር ሀንሰን ያሉ የምርምር ተቋማት አሉ። አንድን መድኃኒት ለመፈተን ስንት ሰው ያስፈልጋል? ማን የትኛው ቡድን ውስጥ ይግባ? ይህን የሚወስነው ባዮስታቲስቲሺያን ነው። የግብርና ምርምር ማዕከላትም የዘር ሙከራቸውን የሚነድፍ ሰው ይፈልጋሉ። ሮናልድ ፊሸር የሙከራ ንድፍን መሠረት የጣለው እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ስለነበር ግብርና ለሙያው የቆየ ቤቱ ነው። ባንክና ኢንሹራንስ ደግሞ ብድር የማይመለስበትን ዕድልና የካሳ ወጪን የሚያሰላ ይፈልጋሉ።

2. አንድ እውነተኛ ዳታ ይዛችሁ አንድ ጥያቄ መልሱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምላችሁ ይህን ነው። የዓለም ባንክ ድረ ገጽ ላይ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች የኑሮ ሁኔታ ጥናት ዳታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011/12 የተጀመረ ሲሆን፣ ተመዝግባችሁ በነፃ ታወርዱታላችሁ። ትንሽ ጥያቄ ምረጡ፤ ለምሳሌ "ከዋና መንገድ የራቁ ገበሬዎች ማዳበሪያ የሚጠቀሙት ያነሰ ነው?" የሚል። የናሙና ክብደቱን፣ ማለትም እያንዳንዱ የተጠየቀ ቤተሰብ ስንት ቤተሰቦችን እንደሚወክል የሚናገረውን ቁጥር፣ እንዳትረሱ፤ ያለሱ የምታገኙት አማካይ አገሩን ላይወክል ይችላል።

ስትሠሩ ራሳችሁን ታዘቡ። የተዘበራረቀውን ፋይል ማጽዳትና ማገናኘት ደስ ካላችሁ ዳታ ማኔጅመንት ይስማማችኋል። ሞዴሉ ላይ ተቀምጣችሁ ሰዓቱ ካለፈባችሁ ትንተናውን ተከተሉ። "ይህን ጥያቄ ለምን እንዲህ ጠየቁት?" እያላችሁ ከመጠይቁ ጋር የምትሟገቱ ከሆነ ደግሞ ልባችሁ ያለው የጥናት ንድፍ ላይ ነው። የትኛውም የሙያ መጽሔት ይህን ያህል አይነግራችሁም።

3. ከኤስፒኤስኤስ አልፉ

በትንተና ሶፍትዌሩ በኤስፒኤስኤስ ላይ አር ወይም ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጨምሩ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። አንዱን በደንብ መያዝ ይበቃል።

4. ሥራ ከጀመሩ ሁለት ሦስት ዓመት የሆናቸውን ጠይቁ

ኃላፊዎችን ሳይሆን ከእናንተ ትንሽ የቀደሙትን ፈልጉ። ስለ ደመወዝ ከመጠየቃችሁ በፊት "ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?" በሏቸው። የሥራው እውነተኛ መልክ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

5. ኢንተርንሺፑንና የመመረቂያ ጽሑፉን ተጠቀሙበት

ብዙ ተማሪ የታላላቆቹን ርዕስ ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ይደግመዋል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ጽሑፉ ለቀጣሪ የምታሳዩት የመጀመሪያ ሥራችሁ ነው። ጤና ከሳባችሁ በጤና ዳታ፣ ባንክ ከሳባችሁ በብድር ዳታ ሥሩት። ክረምት ላይ ዳታ ሰብሳቢ ሆኖ መሥራትንም አትናቁ። ቁጥሩ ከሰው አፍ እንዴት እንደሚወጣ ያየ ሰው ሲተነትን ይጠነቀቃል።

6. ቀድሞ መጀመር የሚፈልጉትን መንገዶች ለዩ

አክቹዋሪ፣ ማለትም ለኢንሹራንስና ለመሳሰሉት ስጋትን በሒሳብ የሚያሰላ ባለሙያ፣ ለመሆን ከዲግሪው ሌላ ተከታታይ ዓለም አቀፍ ፈተናዎች አሉ። የአሜሪካው የአክቹዋሪዎች ማኅበር ከሚሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ፕሮባቢሊቲ ስለሆነ፣ ትምህርቱ ሳይረሳችሁ ተዘጋጁበት። ማስተርስ የምታስቡ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮስታቲስቲክስ ያስተምራል፤ በአፍሪካ አገሮች ማዕከላት ያሉት የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም (አይምስ)ም በሒሳብ ሳይንስ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ለሁለቱም የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ከወዲሁ ቅረቡ፤ በቢሯቸው ሰዓት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሠራችሁትን ትንተናም አሳዩአቸው።