የኮልሪጅን መርከበኛ ስታነቡ

ሰሞኑን በዚህ ግጥም ላይ የተጻፈ የተማሪ ወረቀት ሳርም ያው ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ መጣብኝ፦ «አልባትሮሱ ክርስቶስን ይወክላል።» አለቀ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ትልቅ የባሕር ወፍ የተጻፈ ነገር የለም።

ያደግነው በሰምና ወርቅ ነውና ወርቁ ከተገኘ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። የእንግሊዛዊው ገጣሚ የሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ የሽማግሌ መርከበኛ ግጥም ግን እንዲህ አይፈታም። ወፉ መጀመሪያ በበረዶና በጭጋግ መሃል የመጣ እንግዳ ነው፤ መርከበኞቹ ያበሉታል። ሽማግሌው በቀስት ይገድለዋል። ባልደረቦቹ መጀመሪያ ይረግሙታል፣ ጭጋጉ ሲገፈፍ ደግሞ «ደግ አደረግህ» ይሉታል። ኋላ በመስቀል ፋንታ ሬሳውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥሉበታል። የባሕር እባቦቹ ውበት ልቡን ነክቶት ሳያስበው ሲባርካቸው፣ ወፉ ወልቆ እንደ እርሳስ ይሰጥማል። እንግዳ፣ ግዳይ፣ ሸክም። ክርስቶስን አታንሱ አላልኩም፤ መስቀሉን ያነሳው ግጥሙ ራሱ ነው። ብቻ እባካችሁ፣ ወፉን እስከ ባሕሩ ድረስ ተከተሉት።

«ባላድ ነው»፣ ማለትም ታሪክ የሚተርክ ዘፈን መሰል ግጥም ነው፣ ብሎ ቅርጹን ማለፍም አለ። አብዛኛው አንጓ አራት ስንኝ ነው፤ ሁለተኛውና አራተኛው ቤት ይመታሉ። ልኩን ካወቃችሁ የሚሰበርበትን ፈልጉ። ክፍል 3 ላይ፣ ሁለት መቶው መርከበኞች ከመሞታቸው በፊት፣ አንዱ አንጓ ዘጠኝ ስንኝ ይሆናል። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ፍርሃቱ ትንፋሽ ላይ ይታወቃል።

ፀሐይዋንም አትዝለሏት። መጀመሪያ በግራ ትወጣለች፣ በኋላ በቀኝ። መርከቡ ከደቡብ ወደ ሰሜን መዞሩን የምትነግረን እሷ ናት።

ተራኪውን ሽማግሌ ከገጣሚው አትቀላቅሉ። ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ1798 ሲታተም ኮልሪጅ ገና 25 ዓመቱ ነበር።

መጨረሻ ላይ ያለውን «ፍጥረትን ውደድ» የሚል ምክር ብቻ ይዛችሁም አትውጡ። ታሪኩን የሰማው የሰርግ እንግዳ በማግስቱ የነቃው አዝኖ ነው።

ከግጥሙ ጎን፣ በገጹ ዳር የታተሙትን ማስታወሻዎች በተመለከተ እኔም ተሳስቻለሁ። ኮልሪጅ የጨመራቸው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው፤ እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ እንደ መልስ ቁልፍ ነበር የማነባቸው። አንዱ ማስታወሻ ሽማግሌው እንግዳ የማክበርን ወግ አፍርሶ ወፉን እንደገደለ ይነግረናል፤ ፍርዱ ተሰጥቷል ማለት ነው። አንድ ቀን አስተማሪዬ መጽሐፌን ተቀብለው ዳሩን በወረቀት ሸፈኑና «አሁን አንብብ» አሉኝ። የክፍል 1 የመጨረሻ ስንኝ ላይ ደረስኩ። አልባትሮሱን በቀስቴ ገደልኩት ይላል። ለምን እንደሆነ ፈለግሁ። ከስንኙ በታች ባዶ ወረቀት ነበር።